ያልተቆጠረው ጉድጓድ

ድምፅ ማጉያው ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? የማሽን ክፍል ሰዎች፣ እናንተን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ጆሯችሁ ካለቀ ቆይቷል። ለእናንተ ስል ጮክ እላለሁ። ዛሬ ጮክ የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ባልዲው ልንገራችሁ።

ሰው ሥራ የሚጀምር ቀን የሚይዘው ነገር ይታወቃል፤ የትምህርት ማስረጃ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ትንሽ ፍርሃት። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ይህች ሴትዮ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚህ ፋብሪካ በር ላይ ስትደርስ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው እጇ የሩጫ ዳኞች የሚይዙትን ዓይነት ሰዓት ይዛ ነበር። ፍርሃቱን ቤቷ ትታው መጥታለች መሰለኝ። የዚያን ጊዜው የበር ጥበቃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከላይ እስከ ታች አያትና፦

«እህቴ፣ የፅዳት ሠራተኞች በኋላ በር ነው የሚገቡት» አላት።

«የኋላው በር ከፍሳሽ ቦዩ አጠገብ ነው?»

«አዎ፣ ጎን ለጎን ናቸው።»

«እንግዲያው ለእኔም እሱ ይሻለኛል» ብላ ዞራ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካክሎ አዲሷን መሐንዲስ ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ የለችም። «ፈርታ ቀረች» ተባለ። በመጨረሻ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ከቦይለር ክፍል ለምሳ ስወጣ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብላ፣ ከአንዲት ቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ በባልዲ ትቀበላለች። እኔም እንደ ጥበቃው አሰብኩና «እናት፣ ልብስ የሚታጠበው እዚህ አይደለም» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ፦

«አንተ እዚህ ነው የምትሠራው?»

«አዎ።»

«ይህ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሞላ ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በአራት። ደግሞ ውሃው ንጹህ ነው፣ ቅመሰው። ንጹህ ውሃ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

ሦስት ዓመት በዚያ ቱቦ አጠገብ ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅኩም። የፓምፕ ማቀዝቀዣ ውሃ ነበር፤ ሳይነካ ገብቶ፣ ሳይነካ ወጥቶ፣ ቀንና ሌሊት የሚፈስ። አትሳቁ! አንተ በያጁ፣ አንተ ምን ያስቅሃል? አንተም አልፈኸው ስትሄድ አይቻለሁ።

ልጇም፣ ወንድሟም፣ ሌሎች እንግዶችም አሉና ሥራዋን በሁለት ቃል ልናገር። እኛ እዚህ አሮጌ ወረቀት እንሰበስባለን፣ በትልቅ ገንዳ በውሃ እናቦካዋለን፣ እናጠራዋለን፣ በወንፊት ላይ ዘርግተን በእንፋሎት እናደርቀዋለን፣ ካርቶን ይሆናል። የእሷ ሥራ አንድ ቶን ካርቶን ለማውጣት ስንት ውሃ፣ ስንት ነዳጅ፣ ስንት መብራት፣ ስንት አሮጌ ወረቀት እንደሚገባ መለካት ነው፤ ከገባው ውስጥ ስንቱ በከንቱ እንደሚፈስ መናገር ነው፤ ከዚያም «በዚህ አያያዛችሁ ይህ ፋብሪካ፣ ይህ ውሃ፣ ይህ ሰፈር ከሃያ ዓመት በኋላ ይኖራሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወረቀት ላይ «የዘላቂነትና የሀብት አጠቃቀም ግምገማ» ይባላል። በእኛ አፍ «ቆጣሪ መጣች፣ ዝጋው!» ነው።

ቆጣሪ ያልናት እኛ ነን። እሷም አልተቀየመችም። «የውሃው ቆጣሪ ሲበላሽ ይቀየራል፤ እኔን ግን አትቀይሩኝም» አለች። አልቀየርናትም።

መጀመሪያ ሰሞን በዕድሜም ስለምትበልጠኝ «እርስዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ስማ፣ 'እርስዎ እንደሚያውቁት እንፋሎቱ እየወጣ ነው' ብለህ እስክትጨርስ ስንት ኪሎ እንፋሎት ይወጣል? አንቺ በለኝና ቶሎ ዝጋው።» ስለዚህ ዛሬ በሰው ፊት አንቺ ስልሽ ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። ትእዛዝ ነው።

ስለ እንፋሎት ካነሳሁ ቀዩ ጨርቅ ይነገር። ቦይለር ክፍል የእኔ ነው፤ የእኔ ስል እንደ ቤቴ ነበር የማየው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ክፍሌ ሰርግ ቤት መስሏል። በየቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ይውለበለባል። «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ። «እንፋሎት የሚያፈስባቸው ቦታዎች ናቸው። አርባ ሦስት ናቸው» አለች። እኔም ደሜ ፈላ፤ እያንዳንዱን በጥሼ ጣልኩት። በነጋታው ስመጣ አርባ ሦስቱም ቦታቸው ላይ አሉ። አርባ አራተኛው የእኔ ወንበር ላይ ታስሯል። «ከዚህም ይወጣል» የሚል ወረቀት አብሮ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ «እንፋሎት» ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ራሷ ቤት ውስጥ በዚህ ስም ትጠራኛለች፤ ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ።

ሁለት ወር ተኮራረፍን። በሁለት ወር ውስጥ ግን አርባ ሦስቱንም አንድ በአንድ ደፈንኳቸው፤ እሷ እንድትደሰት አይደለም፣ ጨርቁን ማየት አስጠልቶኝ ነው። ስጨርስ ቦይለሩ ለዚያው ሥራ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከአሥር አንድ እጅ ቀነሰ። መጥታ ቁጥሩን አሳየችኝ። «ይህን ያደረግከው አንተ ነህ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ኮርቼ ነበር፤ ለማን ልናገር? ከተኮራረፍኳት ሴት በቀር ቁጥሩ የሚገባው ሰው አልነበረም። በዚያው ታረቅን።

ልጇ፣ ነርሷ፣ እዚህ አጠገቧ ተቀምጣለች። ቅድም ምን እንዳለችኝ ልናገር? ልናገር፤ ሳቂ እንጂ አትቆንጥጪኝ። «ሻወር ስገባ እማዬ በሩን ታንኳኳና 'አራት ደቂቃ ሆነሽ!' ትላለች። 'እማዬ፣ ሳሙና አለብኝ' ስላት 'ሳሙናውን ማን አብዢ አለሽ?' ትለኛለች።» ልጄ፣ አንቺ እንኳ እናትሽ ነች፤ እኛ ደመወዝ እየተከፈለን ነው የቻልናት።

እንግዲህ እስካሁን ያለው ለሳቅ ነው። ቅድም የሰው ኃይል ኃላፊዋ መጥታ በጆሮዬ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ደግሞ ጉድጓድ የሚባል ነገር እንዳታነሳ። ደስ የሚል ቀን ነው።» እኔም «እሺ» አልኳት። ዋሸኋት። ይቅር ትበለኝ። በዚህ ቀን ስለዚህች ሴት ቆሜ ጉድጓዱን ካላነሳሁ፣ የቆምኩት ሌላ ሰው ልሸኝ ነው ማለት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ካርቶናችንን የሚወስዱት ትልልቆቹ ድርጅቶች «የውሃ አጠቃቀማችሁ ተገምግሞ ይቅረብልን» አሉ። በዚያው ዓመት ነበር ከጓሮ፣ ከአሮጌው ወረቀት ግቢ አጠገብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ የተቆፈረው። ከከተማው ቧንቧ የሚመጣው ውሃ በር ላይ ቆጣሪ አለው። የጉድጓዱ የለውም። ከጉድጓዱ ብዙ በቀዳን ቁጥር የበሩ ቆጣሪ ቀስ ይላል። እናም ሪፖርቱ ምን አለ? «ፋብሪካው በአንድ ቶን ካርቶን የሚጠቀመውን ውሃ በግማሽ ቀነሰ።» አንዲት ጠብታ አልቀነስንም! ከፊት በር ወደ ጓሮ ነው ያዞርነው።

ስብሰባው ላይ ነበርኩ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ገፋ አድርገው አቀረቡላት።

«ፈርሚ።»

«የጉድጓዱ ውሃ የታለ?»

«የጉድጓድ ውሃ የእግዜር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል?»

«እግዜርማ መቁጠር አያስፈልገውም፣ ያውቀዋል። የማናውቀው እኛ ነን።»

«ከገምጋሚዎቹ አንድም ሰው ስለ ጉድጓድ አልጠየቀም።»

«እኔ ጠየቅኩ።»

«ሴትዮ፣ ፈርሚ!»

«አልፈርምም።»

«ምን ማለት ነው አልፈርምም?»

«ብዕርዎን ይቀበሉኝ ማለት ነው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የመጋረጃውን አበባ ይቆጥራል።

ፊርማ ግን ያስፈልጋል። የቴክኒክ ሰው ፊርማ። ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን በጠረጴዛው ዙሪያ አዞሩ፣ አዞሩና አንድ ሰው ላይ አቆሙት።

ማን እንደፈረመ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። አዲሶቹ ጭራሽ አልሰማችሁም። ዘጠኝ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። «አንተ ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊ ነህ፣ አስብበት» ነው ያሉኝ። አላሰብኩበትም። ቶሎ ፈርሜ ቶሎ ወጣሁ።

የውሃ ቁጠባ ምስክር ወረቀቱ መጣ። መስታወት ገብቶለት እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ አሁንም ቀለሙ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚታየው ቦታ እሱ ነው። እሷ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ግቢ ተላከች። የወረቀት እስር እየቆጠረች እንድትውል። ዝም ትበል ተብሎ ነው። ዝም የምትል ሴት አገኙ!

በሁለተኛው ሳምንት የእርጥበት መለኪያ ይዛ እስሩን ሁሉ ወጋግታ፣ ከዘጠኝ እስር አንዱ ዝናብ ገብቶበት እየበሰበሰ እንደሚጣል ጻፈች። አመለከተች፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። የበሰበሰውን እስር በጋሪ ጭና የሥራ አስኪያጁ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ አራገፈችው። ሽታው! ሦስት ቀን ያህል በእግራቸው ከውጭ በር ይገቡ ነበር። በወሩ ግቢው ጣሪያ ተሠራለት። እንግዲህ ሰው ለቅጣት ተልኮ ጣሪያ ሲያሠራ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ዓይኗን ላለማየት በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ካፍቴሪያ ከገባች እወጣለሁ። እሷ ግን «ደህና ዋልክ» ትለኝ ነበር። በየቀኑ። አንድም ቀን አላጎደለችም። ከዚያ ሰላምታ ስድብ በተሻለኝ።

እናቴ የምትኖረው ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ነው። ታውቃላችሁ፣ ያ ረድፍ ቤቶች ያሉበት። ግቢዋ ውስጥ አባቴ በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ እኔን ያሳደገ ውሃ ነው። ከፈረምኩ በሁለተኛው በጋ አንድ እሑድ ስሄድ እናቴ ባልዲውን አውርዳ ቆማለች።

«ልጄ፣ ገመዱ አጠረ መሰለኝ» አለችኝ።

ገመዱ አላጠረም።

ባልዲውን ሳወጣው ጭቃ ነው። እናቴ ጭቃውን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄ ዝናብ ነው፣ ዘንድሮ ቀለል ብሎ ነበር» አለችኝ። እሺ አልኩ። ዝናቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጉድጓዱን ማን እንደጠጣው አውቃለሁ። ማን ፈርሞ እንዳስጠጣው አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀት ግቢ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ምን ብዬ ልጀምር? «የእናቴ ጉድጓድ...» አልኩ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን «ነግሬህ አልነበር?» ትላለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ። እሷ ምን አለች?

«ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?»

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ አብራኝ ሄደች። ከቦርሳዋ ሲባጎ አወጣች፤ ጫፉ ላይ እንዲከብድ የብሎን ዳዶ ታስሯል፣ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። አወረደችው፣ ቆጠረች፣ ጻፈች። እናቴ ወንበር አመጣችላትና፦

«ልጄ፣ አንቺ የውሃ ሐኪም ነሽ?»

«አይ እማማ፣ መዝጋቢ ነኝ።»

«እና ጥፋቱ የማን ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ ፊት፣ እኔ ባደግኩበት ግቢ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «የሁላችንም ነው እማማ። እናስተካክለዋለን» አለች።

ሁላችንም! ከፈረሙት ውስጥ እሷ የለችበትም፤ ከጥፋቱ ግን ራሷን አላወጣችም። እኔ ያን ዕለት ነው ሰው የሆንኩት ብላችሁ አልሳሳትም።

በቀጣዩ በጋ የፋብሪካው ጉድጓድም ነጠፈ። ፓምፑ አየር ጠጣ። ማሽኑ ቆመ። ዘጠኝ ቀን ይህ ግቢ ፀጥ ብሎ ዋለ፤ ያንን ፀጥታ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፣ ወፍ ሲጮኽ የሰማንበት። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስበው «ውሃው የት ሄደ? መቼ ነው መውረድ የጀመረው?» ይላሉ። ማንም አያውቅም። ያልተቆጠረ ነገር መቼ እንዳለቀ በምን ይታወቃል?

በሩ ተከፈተና እሷ ገባች። ማንም አልጠራትም። የተማሪ ደብተር ይዛለች። ለካስ ወረቀት ግቢ ከተላከችበት ሳምንት ጀምሮ፣ በየዓርቡ በምሳ ሰዓት፣ ያንኑ ሲባጎ ጉድጓዱ ውስጥ እያወረደች ትለካ ነበር። መቶ ሃያ አንድ ዓርብ። መቶ ሃያ አንድ ቁጥር። ውሃው በየሳምንቱ ስንት ጣት እንደወረደ፣ ክረምት ስንት እንደተመለሰ፣ ሁሉም አለ። ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ ምን መደረግ እንዳለበት በእርሳስ ተስሏል።

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይህን ለምን ቀድመሽ አላመጣሽም?» አሏት።

«አሥራ አንድ ጊዜ አምጥቻለሁ። መሳቢያዎን ይክፈቱ።»

ከፈቱት። ነበር።

በዚያ ዘጠኝ ቀን ያልተኛ ሰው እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ በያጁ፣ ማሽን ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ እኛ ቦይለሮች። ከወረቀቱ ተጨምቆ የሚወጣውን ነጭ ውሃ አጣርተን ወደ ማቡኪያው ገንዳ መለስነው። ከማድረቂያው ወጥቶ ቦይ የሚገባውን ትኩስ ውሃ ወደ ቦይለሬ መለስኩት፤ ሃያ ዓመት የሞቀ ውሃ እየጣልኩ ቀዝቃዛ ውሃ ሳሞቅ ኖሬያለሁ! ማሽኑ ሲነሳ ከጉድጓዱ የምንቀዳው ወደ ሲሶ ወርዶ ነበር። ካርቶኑ ያው ካርቶን ነው። በዚያው ሳምንት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆጣሪ ተገጠመ፤ ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም።

እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይቅርታ የጠየቃት አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ከግድግዳው ይውረድ፣ ለገዢዎቹም እውነተኛው ቁጥር ይጻፍላቸው። «ይተዉናል!» ተባለ። ተጻፈ። አንዱ ተወን። ሌሎቹ «ቁጥሩን የነገራችሁን እናንተ ብቻ ናችሁ» ብለው እስከ ዛሬ አሉ።

ከሁለት ክረምት በኋላ እናቴ ባልዲዋን ስታወርድ ከታች ድምፅ ሰማች፤ ቿ የሚል። ደውላ አስሰማችኝ፤ ስልኩን ጉድጓዱ አፍ ላይ ይዛ፣ ባልዲውን ደጋግማ እየጣለች። ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እግሯን ስላመማት አልመጣችም። «ለዚያች መዝጋቢ ንገራት፣ ስሟን በጸሎቴ ጠርቼ አላውቅም፣ 'ውሃዬን የመለሰችልኝ' ነው የምላት» ብላኛለች። አድርሻለሁ።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። የሰው ኃይል፣ ሰዓትሽን አትይ፤ አምስቱ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ከፊት ተቀምጠዋል። በሽኝቱ ላይ ስለተገኙ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ፊት ለፊት ልናገር፣ ከኋላ መናገር ነውር ነው። ባለፈው ሰኞ ደብዳቤ ወጥቷል፤ እሷ ስትወጣ የሥራ መደቡ ይታጠፋል። ግምገማውን ከእንግዲህ አማካሪ ድርጅት ከቢሮው ሆኖ ይሠራዋል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት መጥቷል። ከአጥሩ ውጭ፣ በኪራይ መሬት ላይ፣ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ጉድጓዱ ከአጥር ውጭ ስለሚገኝ ከግምገማው ወሰን ውጭ ነው።» ከታች የእኔ ስም አለ፣ መስመር ተሰምሮበታል።

ጌታዬ፣ ውሃ አጥር አያውቅም። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ደግሞ የእኔ እናት፣ የላቦራቶሪዋ አክስት፣ የማሽን ሹሙ ልጆች ናቸው። ወሰኑ የት ጋ እንደሚሰመር ስትወስኑ ማን ከመስመሩ ውጭ እንደሚቀር እኛ እናውቃለን፤ እኛ ነን የምንቀረው።

አልፈርምም።

ቆይ፣ አታጨብጭቡ፣ አልጨረስኩም። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነው የተናገርኩት፤ የሚጨበጨብለት አይደለም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብቻዬን አለመሆኔን አወቅኩ። ወረቀቱ ወደ ማሽን ሹሙ ተላከ፣ መለሰው። ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፣ እሷም መለሰችው። አሥራ ሰባት ሰው ሆነን «እውነተኛው ቁጥር እስኪገባ ድረስ ከዚህ ግቢ ማንም አይፈርምም» የሚል ደብዳቤ ጽፈን አስገብተናል። ጌታዬ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። መሳቢያ ውስጥ እንዳይገባ አደራ።

የሥራ መደቡንም ማጠፍ ይቻላል፤ ወረቀት ነው፣ ይታጠፋል። ግን ይቺ ሴት ባለፉት አራት ወራት በምሳ ሰዓት ምን ስትሠራ እንደቆየች አልነገሯችሁም መሰለኝ። ስድስት ሰዎች አስተምራለች። የገቢና የወጪ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ፣ የገባው ከወጣው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር የጎደለውን የት እንደሚፈልጉ፣ ቁጥር ሲያምር ለምን መጠርጠር እንዳለበት። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ደብተር ገዝቻለሁ። ስድስት ጭንቅላት እንዴት ነው የሚታጠፈው? እስቲ እጠፉት!

አዲሱንም ጉድጓድ ለክተነዋል። ባለቤቱ ፈቅዶልን ነው፤ መሬቱ የእሱ ነው። የዛሬ ሳምንትም እንለካዋለን። ከፈለጋችሁ እኔን አሮጌ ወረቀት ግቢ ላኩኝ። ጣሪያው ጥሩ ነው አሉ።

አሁን ደግሞ ከአንቺ ጋር። ብድግ አትበይ። በእጅሽ «ቁጭ በል» አትበይኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ታዝዣለሁ፣ ዛሬ አልታዘዝም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህንን ቃል ያኔ ወረቀት ግቢ ውስጥ ማለት ነበረብኝ፤ እናቴ ቤት ማለት ነበረብኝ፤ ጉድጓዱ ላይ ቆጣሪ ስንገጥም አጠገብሽ ቆሜ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ምንም እንዳልተፈጠረ አብረሽኝ ስትሠሪ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ አብሬሽ ሠራሁ። ተፈጥሯል። አንቺ የከፈልሽውን እኔ ነኝ ያስከፈልኩሽ። በነዚህ ሰዎች ሁሉ ፊት፣ በልጅሽ ፊት፣ ይቅርታ።

ደግሞ አመሰግንሻለሁ። እኛ ሥራ ማለት ማሽኑ እንዳይቆም ማድረግ ይመስለን ነበር። ማሽኑ ለምን ያህል ጊዜ፣ በማን ውሃ፣ በማን ኪሳራ እንደሚሄድ መጠየቅም ሥራ መሆኑን አሳየሽን። ስትጠይቂ ደስ የሚል ሰው አልነበርሽም፤ እውነቱን እንናገር፣ ታናድጂ ነበር! ጠዋት ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ቁጥር ስትጠይቂኝ ማን ይወድሻል? እኔ። እኔ እወድሻለሁ። እነዚህም ይወዱሻል፣ ተመልከቻቸው። ያ በያጅ ዓይኑን የሚያሸው የብየዳ ጭስ ገብቶበት አይደለም።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ። ጭማቂ የያዘም፣ ሌላ የያዘም፣ ባዶ የያዘም፣ ሁሉም ያንሳ። ጌታዬ፣ እርስዎም ያንሱ፤ ይህን ማንሳት መፈረም አይደለም።

እህታችን፣ ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ። ከልጅሽ ጋር ደስ ብሎሽ ኑሪ፤ የልጅ ልጅ አቅፈሽ ለማየት ያብቃሽ። ስታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ስትደሰቺ አብሮሽ የሚስቅ አይጥፋ። የምትቀመጪበት ጥላ፣ የምትጠጪው ንጹህ ውሃ አይጓደልብሽ። ለጤናሽ!

እና ሰኞ ጠዋት፣ እንደ ልማድሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓይንሽ ሲገለጥ፣ አትነሺ። ወደ ግድግዳው ዙሪና ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገሽ ተኚ።

እኛ ነቅተናል።